ልባሽ ልብስ በፊዚክስ ሚዛን ሲመዘን

ስለ ልባሽ ልብስ ሲነሣ ብዙውን ጊዜ የሚወሳው የዋጋው መርከስ፣ የኮንትሮባንድ ጉዳይና የለባሹ ክብር ነው። ስለ ሙቀት ሲነገር ግን እምብዛም አይሰማም። እኛ የፊዚክስ መምህራን እንደመሆናችን መጠን ነገሩን ከዚያ ለመጀመር እንወዳለን። ልብስ ከጌጥነቱ አስቀድሞ የሰውነትን ሙቀት ከመባከን የሚጠብቅ መሣሪያ ነው፤ ይህ አገልግሎቱ ደግሞ የመጀመሪያው ባለቤት ስለ ሰለቸው ብቻ አያበቃም። በየቤታችን ሣጥንና በየተማሪዎች ማደሪያ ተጣጥፎ የተቀመጠ ሹራብ፣ ጃኬትና ካፖርት ብርድ ለሚያንገላታው የደጋ ሰው የእህል ያህል ዋጋ አለው። ይህንን ለማሳየትና ይህ ሀብት በምን መንገድ ለችግረኛው ቢደርስ እንደሚሻል ሐሳብ ለመሰንዘር ይህችን ጽሑፍ አዘጋጅተናል።

ብርድና እህል

ከፍታ በ1,000 ሜትር በጨመረ ቁጥር የአየሩ ሙቀት በአማካይ 6.5 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ይቀንሳል። ጎንደር ከተማ ከባሕር ወለል በላይ በ2,100 ሜትር ገደማ ላይ ስትገኝ ደባርቅ ወደ 2,850 ሜትር ትጠጋለች። በዚህ ስሌት ደባርቅ ላይ የሚያድር ሰው ጎንደር ከሚያድረው ይልቅ 5 ዲግሪ ያህል የቀዘቀዘ አየር ይገጥመዋል ማለት ነው። በኅዳርና በታኅሣሥ ሰማዩ ጠርቶ ሲያድር ደግሞ ምድር ሙቀቷን በጨረር መልክ ወደ ጠፈር ስለምትለቅ ውርጭ ይጥላል።

ለመሆኑ የልብስ ሙቀት በምን ይለካል? እ.ኤ.አ. በ1941 ጋጊ፣ በርተንና ባዜት የተባሉ ተመራማሪዎች "ክሎ" የተሰኘ መለኪያ አቅርበዋል። አንድ ክሎ 21 ዲግሪ በሚሞቅ ክፍል ውስጥ ተቀምጦ ያረፈ ሰው ሳይበርደውና ሳይሞቀው እንዲቆይ የሚያስችል የልብስ መጠን ነው። ከነሰደርያው የተሟላ የወንድ ሱፍ ልብስ አንድ ክሎ ያህል ነው ተብሎ ይታሰባል።

አሁን አንድ ቀላል ስሌት እንሥራ። የአየሩ ሙቀት 10 ዲግሪ በሆነበት ሌሊት ያረፈ አንድ ጎልማሳ አለ እንበል። የቆዳው ስፋት 1.7 ስኩዌር ሜትር፣ የቆዳው ሙቀት ደግሞ 33 ዲግሪ ይሁን። በልብሱ ዙሪያ የሚገኘውን ስስ የአየር ንጣፍ ጨምረን ስናሰላ፣ ይህ ሰው አንድ ክሎ ከለበሰ በየሴኮንዱ ወደ 148 ጁል፣ ማለትም 148 ዋት ያህል ሙቀት ያጣል። ሁለት ክሎ ከለበሰ ግን ብክነቱ ወደ 93 ዋት ይወርዳል። ያረፈ ሰው ሰውነት የሚያመነጨው ሙቀት 100 ዋት ገደማ ስለሆነ ሁለተኛው ሰው ሒሳቡ ተመጣጥኖለት ያድራል፤ የመጀመሪያው ግን በየሴኮንዱ ዕዳ ይገባል።

በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት 55 ዋት ገደማ ነው። ይህ በስምንት ሰዓት ሌሊት ሲባዛ ወደ 375 ኪሎ ካሎሪ ይደርሳል፤ ይህም ከ100 ግራም በላይ የሆነ የገብስ ዱቄት ከሚሰጠው ኃይል ጋር ይተካከላል። በእርግጥ ሰውነት በብርድ ጊዜ ቆዳውን አቀዝቅዞ ብክነቱን ለመቀነስ ስለሚታገል፣ ስሌታችን የላይኛውን ወሰን የሚያሳይ ግምት ነው። ፍሬ ነገሩ ግን አይለወጥም። በቂ ልብስ የሌለው ሰው ከሚበላው ላይ ከፊሉን ለብርድ ይገብራል። በልቶ ላልጠገበ ሕፃን ይህ ግብር እጅግ ከባድ ነው። ስለዚህ አንድ ደኅና ካፖርት ለችግረኛ ቤተሰብ መስጠት በየሌሊቱ እፍኝ እህል ከመቆጠብ ጋር ሊነጻጸር ይችላል።

ይህ ሙቀት የሚገኘው ከጨርቁ አዲስነት አለመሆኑንም ልብ ይሏል። በጨርቁ ክሮች መካከል ታፍኖ የሚቀር የረጋ አየር ሙቀትን በቀላሉ አያስተላልፍም። የጋቢ ምሥጢር በድርቡ መካከል የሚያዘው አየር ነው። ከጣቃ ላይ ጣቃ እየተደራረበ የሚሰፋው፣ ብዙዎች የሚሳለቁበት ድሪቶም ቢሆን በፊዚክስ ዓይን ብልሃት ያለው ልብስ ነው። በአንጻሩ ውኃ ከረጋ አየር ከ20 እጥፍ በላይ ሙቀት ስለሚያስተላልፍ፣ በክረምት ዝናብ የራሰ የጥጥ ልብስ ዋጋው እጅግ ይቀንሳል።

ሦስት መቃወሚያዎች

የመጀመሪያው መቃወሚያ ክብርን የሚመለከት ነው። "የሰው ወርቅ አያደምቅ" ይላል ያገራችን ሰው። ይሁን እንጂ በዚሁ ባህላችን ታናሽ የታላቁን ልብስ ወርሶ ያድጋል። በአዲስ አበባና በሌሎች ከተሞችም "ልዋጭ!" እያሉ በየሰፈሩ የሚዞሩ ነጋዴዎች አሮጌ ልብስና ጫማ ተቀብለው በምትኩ የፕላስቲክ ሳፋ ወይም ብርጭቆ ይሰጣሉ። በዚህ ልውውጥ ሰጪም ተቀባይም አያፍርም፤ ምክንያቱም ሁለቱም ተገበያይተዋልና። እንግዲህ ክብርን የሚነካው ልብሱ ሳይሆን አሰጣጡ ነው። ከመኪና ላይ ወደ ሕዝብ የሚወረወር ጨርቅ ያዋርዳል፤ ተመርጦና ተለክቶ የተገዛ ልብስ ግን አያዋርድም።

በትምህርት ምክንያት በውጭ አገር በቆየንባቸው ዓመታት ካስተዋልናቸው ነገሮች አንዱ የበጎ አድራጎት ድርጅቶች የልባሽ ልብስ ሱቆች ናቸው። ኦክስፋም የተባለው የብሪታንያ ድርጅት ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ማግስት ጀምሮ በዚህ መንገድ ገንዘብ ሲያሰባስብ ኖሯል፤ በ1977 ዓ.ም. ረሃብ ለአገራችን እጃቸውን ከዘረጉት ድርጅቶችም አንዱ ነበር። በእነዚያ ሱቆች ፕሮፌሰሩም የቀን ሠራተኛውም ጎን ለጎን ቆመው ይመርጣሉ፤ ማን ችግረኛ እንደሆነ የሚጠይቅ የለም።

ሁለተኛው መቃወሚያ በሽታን ይመለከታል፤ ይህም ቀላል ነገር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1909 ቱኒስ ውስጥ ይሠራ የነበረው ፈረንሳዊ ሐኪም ሻርል ኒኮል አንድ ነገር አስተዋለ። የታይፈስ ሕመምተኞች ሆስፒታል ሳይገቡ ሌሎችን ያስይዛሉ፤ ልብሳቸውን የሚቀበሉና የሚያጥቡ ሠራተኞችም ይታመማሉ። ሕመምተኛው ታጥቦ የሆስፒታሉን ልብስ ከለበሰ በኋላ ግን ማንንም አያስይዝም። ከዚህ ተነሥቶ በሽታውን የሚያስተላልፈው የልብስ ቅማል መሆኑን በሙከራ አረጋገጠ፤ በዚህም እ.ኤ.አ. የ1928ን የኖቤል ሽልማት አገኘ። በአገራችን ደጋማ አካባቢዎች ሲከሰት የኖረው፣ እየተመላለሰ የሚያገረሸው የግርሻ ትኩሳትም በዚሁ ቅማል የሚተላለፍ ነው።

መድኃኒቱ ታዲያ ልብሱን መጣል አይደለም። የልብስ ቅማልና እንቁላሉ ከ54 ዲግሪ በላይ በሆነ ሙቀት ውስጥ ከአምስት ደቂቃ በላይ ከቆዩ ይሞታሉ። በደባርቅ ከፍታ ላይ ውኃ የሚፈላው በ90 ዲግሪ ገደማ ነው፤ ይህ ከሚፈለገው እጅግ የበለጠ ስለሆነ የከፍታው ነገር አያሰጋም። መፍላት የማይችለው ሱፍና ሰው ሠራሽ ልብስ ደግሞ አየር በማያስገባ ፕላስቲክ ከረጢት ታስሮ ሁለት ሳምንት ቢቀመጥ ተባዩ የሚመገበው ደም አጥቶ ያልቃል። ቅማል የሚሸሸገው በስፌት መስመሮች ውስጥ በመሆኑ ስፌቱን በሚገባ በጋለ ካውያ መተኮስም ይጠቅማል። ሌላም ማሳሰቢያ አለን። ፖሊስተር በእሳት ቀልጦ ቆዳ ላይ ይጣበቃል። በመሆኑም ምድጃ ዙሪያ ለሚውሉ ሕፃናት በተቻለ መጠን የጥጥና የሱፍ ልብስ መመረጥ አለበት።

ሦስተኛው መቃወሚያ ከሁሉም የሚጠነክረው ነው፤ ልባሽ ልብስ የሸማኔውንና የልብስ ሰፊውን እንጀራ ይቀማል ይባላል። ጋርዝ ፍሬዘር የተባለ የምጣኔ ሀብት ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ2008 ባሳተመው ጥናት፣ ከ1981 እስከ 2000 በአፍሪካ ለታየው የልብስ ምርት ማሽቆልቆል 40 በመቶ ያህሉ ከውጭ ከሚገባው ልባሽ ልብስ ጋር የተያያዘ መሆኑን አመልክቷል። ሩዋንዳ እ.ኤ.አ. በ2016 በኪሎ ግራም 0.20 ዶላር የነበረውን ቀረጥ ወደ 2.50 ዶላር ያሳደገችው በዚሁ ስጋት ነው፤ በዚህም ምክንያት አሜሪካ በ2018 ሩዋንዳ ለልብስ ምርቶቿ ታገኝ የነበረውን ከቀረጥ ነፃ ዕድል አገደች። በጋና ዋና ከተማ አክራ በሚገኘው የካንታማንቶ ገበያ ደግሞ በየሳምንቱ 15 ሚሊዮን ያህል ልባሽ ልብሶች እንደሚራገፉ ይገመታል፤ ከዚህም የማይሸጠው ክፍል ለከተማዋ የቆሻሻ ሸክም ሆኗል።

በአገራችን ያገለገለ ልብስ ለንግድ ማስገባት የተከለከለ ነው። ሆኖም ልባሽ ጨርቅ በጉምሩክ ሠራተኞች እጅ ከሚወድቁ የኮንትሮባንድ ዕቃዎች መካከል ስሙ ተደጋግሞ ይጠራል። ሰልባጁን በቦንዳ አስገብቶ የሚከብረውና ቦንዳው ተፈትቶ መሬት ላይ በተዘረጋ ሸራ የሚቸረችረው ወጣት አንድ አለመሆናቸውን ግን መዘንጋት አይገባም። እኛ በክልከላው ዓላማ እንስማማለን። የምንለው ሌላ ነው፤ አገር ውስጥ የተሠራ ወይም በሕጋዊ መንገድ ገብቶ የተገዛ ልብስ ለሁለተኛ ጊዜ ቢለበስ ድንበር አይሻገርም፤ ተጠግኖ እንዲሸጥ ከተደረገም ለልብስ ሰፊው ሥራ ይፈጥራል እንጂ ሥራ አይነጥቅም።

ታዲያ ምን ይደረግ?

ሐሳባችንን በአንድ ቦታ ለማስረዳት ያህል ትክል ድንጋይን እንውሰድ። የላይ አርማጭሆ ወረዳ ዋና ከተማ የሆነችው ይህች ከተማ ከጎንደር ወደ ሳንጃና ሑመራ በሚወስደው መንገድ ላይ ትገኛለች። ከእርሷ ቁልቁል ጥጥና ሰሊጥ የሚያበቅለው ቆላ ይዘረጋል፤ በስተጀርባዋ ደጋው ይቆማል። ለሰሊጥ አጨዳ ስስ ልብስ ለብሶ ወደ ቆላ የወረደው የቀን ሠራተኛ ወደ ደጋው ሲመለስ የኅዳርና የታኅሣሥ ብርድ ይቀበለዋል። ጎንደር ደግሞ በየዓመቱ በርካታ ተማሪዎች ተመርቀው የሚወጡባት ከተማ ናት። ከሞቃት አካባቢ የመጣ ተማሪ ለጎንደር ብርድ ብሎ የገዛው ጃኬት ወደ አገሩ ሲመለስ ብዙም አይጠቅመውም። ስለዚህ በአንድ ወገን ሥራ የፈታ ሙቀት፣ በሌላ ወገን ደግሞ ሙቀት የሚሻ ሰው አለ። የጎደለው በሁለቱ መካከል የሚቆም ሥርዓት ነው።

ሥርዓቱ አራት ደረጃዎች ቢኖሩት እንመርጣለን። በመጀመሪያ በዓመቱ የትምህርት መዝጊያ ሰሞን የተማሪዎች ክበባት ልብስ ይሰብስቡ፤ ከሁሉ አስቀድሞም ሹራብ፣ ጃኬት፣ ካፖርትና ብርድ ልብስ ይጠይቁ። በሁለተኛ ደረጃ ልብሱ ከላይ በተገለጸው መንገድ በሙቀት ይጽዳ። በሦስተኛ ደረጃ የአካባቢው ልብስ ሰፊዎች ተከፍሏቸው ዚፕ ይቀይሩ፣ ቁልፍ ይትከሉ፣ የተቀደደውን ይጣፉ፤ ቦንዳ በመለየት ዓይኑ የሠለጠነ ወጣትም በመራጭነት ይቀጠር። በአራተኛ ደረጃ ልብሱ በትንሽ ዋጋ ይሸጥ፤ ገቢውም መልሶ የሠራተኞቹን ድካም ይክፈል። ሸማኔውን በተመለከተ፣ ጋቢና ኩታ የሚገዛ ሰው ሹራብ ስላገኘ ጋቢውን አይተውም ብለን እናምናለን፤ ሁለቱ የየራሳቸው ቦታ አላቸውና።

መግዛት ለማይችሉትስ? በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. በሰሜን ጎንደር የተካሄደው ጦርነት ቤትና ንብረታቸውን ያሳጣቸው ወገኖች አሉ፤ በዳባት አቅራቢያ ዓለምዋጭ በተባለው ስፍራም ለኤርትራውያን ስደተኞች የመጠለያ ጣቢያ ተቋቁሟል። ለእነዚህ ሰዎች ገንዘብ የሚተካ ኩፖን ቢሰጣቸው እንደማንኛውም ገዢ ገብተው ልካቸውንና የሚወዱትን ቀለም ይመርጣሉ። ያልተመረጠና ያልተለካ ዕርዳታ ብዙ ጊዜ መጨረሻው ጉድጓድ ነው።

ውድ ተማሪዎች፣ ከእናንተ የምንጠብቀው ልብስ መስጠትን ብቻ አይደለም። የትኛው ልብስ ለየትኛው ሰው እንደሚገባ ለመለየት ቤተ ሙከራችሁን ተጠቀሙበት። እኩል የሆኑ ጠርሙሶች ወስዳችሁ በእኩል መጠን ትኩስ ውኃ ሙሏቸው፤ አንዱን ያለ ልብስ ተዉት፣ ሌሎቹን በሹራብ፣ በጋቢና በስስ ሸሚዝ ጠቅልሏቸው። በየአምስት ደቂቃው ቴርሞሜትር እያያችሁ መዝግቡ፤ ከዚያም ጨርቆቹን አርሳችሁ ሙከራውን ድገሙት። የምታገኙት ግራፍ የኒውተንን የማቀዝቀዝ ሕግ ከማስተማሩም በላይ፣ ከሰበሰባችሁት ክምር ውስጥ ለደባርቅ ሌሊት የሚሆነውንና ለሳንጃ ቀትር የሚሆነውን ለይታችሁ እንድትልኩ ያስችላችኋል። ዕርዳታ በስሜት ቢጀመርም በልኬት ካልታገዘ ከታሰበለት ሰው ዘንድ አይደርስም።