«ዶክተር፣ ይህን የሕፃን አልጋ ልግዛ?»

ባለፈው ሳምንት አንዲት ነፍሰ ጡር እናት በውስጥ መስመር ፎቶ ላከችልኝ። ስምንት ወሯን ጨርሳለች። የላከችው የሕፃን አልጋ በእውነት ያምራል። ከላይ ነጭ ዳንቴል ይወርድበታል፣ ዙሪያውን እንደ ትራስ የተነፋ መከለያ ታስሮበታል፣ ውስጡ ትንሽ ትራስ፣ ሁለት አሻንጉሊትና ወፍራም ብርድ ልብስ አለ። እግሩ ደግሞ ይወዛወዛል። «ዶክተር፣ ይህን ልግዛ? ባለቤቴ ውድ ነው አለ። እናቴ ደግሞ ጨቅላ ልጅ ከእናቱ ጉያ ወጥቶ የት ሊተኛ ነው ብላ ተቆጣችኝ።»

«ባልሽም እናትሽም ግማሽ ግማሽ እውነት አላቸው፤ አልጋውን ግን አትግዢው» ብዬ መለስኩላት። ተመሳሳይ ፎቶ የምትልኩልኝ ብዙ ስለሆናችሁ ምክንያቴን ዛሬ ሰፋ አድርጌ ልጻፈው።

ከእናቷ ልጀምር። አዲስ የተወለደ ሕፃን በ24 ሰዓት ውስጥ ከ8 እስከ 12 ጊዜ ይጠባል፤ ከዚህ ውስጥ ጥቂት የማይባለው ሌሊት ነው። በቀዶ ሕክምና የወለደች እናት በየሁለት በየሦስት ሰዓቱ ከአልጋ ወርዳ፣ ሌላ ክፍል ሄዳ፣ ጎንበስ ብላ ልጅ ታንሳ ማለት ጭካኔ ነው። በፊልም የምናየው ለብቻው ቀለም የተቀባ የሕፃን ክፍል ለፎቶ ጥሩ ነው፣ ለሌሊት ግን አይሆንም። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚም እ.ኤ.አ. በ2022 ባሻሻለው መመሪያው ሕፃኑ ቢያንስ የመጀመሪያዎቹን ስድስት ወራት ከወላጆቹ ጋር በአንድ ክፍል፣ ነገር ግን በራሱ መኝታ ላይ እንዲተኛ ይመክራል። እንግዲህ አያት ልክ ናቸው፤ ጨቅላ ከእናቱ አይራቅ። የማልስማማው «ጉያ» በሚለው ላይ ነው።

ለምን እንደማልስማማ ከራሴ ቤት ልንገራችሁ። የመጀመሪያ ልጃችን የአምስት ሳምንት ልጅ ሳለች አንድ ሌሊት አልተኛም ብላ አስቸገረች። ባለቤቴ ትንሽ እንድታርፍ ብዬ ልጅቷን ደረቴ ላይ አድርጌ ሳሎን ሶፋ ላይ ጋደም አልኩ። ከዚያ በፊት በነበረው ሌሊት ተረኛ ነበርኩ። ስነቃ ደረቴ ላይ የለችም። በእኔ ጎንና በሶፋው መደገፊያ መካከል ተንሸራታ ገብታለች፣ ፊቷም ወደ ስፖንጁ ዞሯል። ስስባት አለቀሰች። ለስንት ደቂቃ እንደዚያ እንደቆየች ዛሬም አላውቅም። ከሕፃን ጋር ለማንቀላፋት ከሶፋ የበለጠ አደገኛ ቦታ እንደሌለ ለሌሎች ወላጆች የምናገር ሰው ነኝ እኮ! እንቅልፍ ግን ዲግሪ አይጠይቅም።

ስለዚህ «እኔ እንቅልፌ ቀላል ነው፣ ልጄ ላይ አልተኛም» ስትሉኝ አላምናችሁም። ይቅርታ።

የጨቅላ ሕፃን ጭንቅላት ከሰውነቱ አንጻር ከባድ ነው፣ አንገቱ ደግሞ ደካማ። አፍንጫው ለስላሳ ነገር ውስጥ ከገባ ራሱን ማውጣት አይችልም። አፉና አፍንጫው ሙሉ በሙሉ ባይደፈንም እንኳ ራሱ ያስወጣውን አየር መልሶ መላልሶ እየሳበ ኦክስጅን ሊያንሰው ይችላል። ብዙ ጊዜ ድምፅ እንኳ አያሰማም። አጠገቡ የተኛ ሰው የሚያነቃው ነገር የለም።

ወደ ባልየው ልምጣ። ውድ ነው ማለቱ ልክ ነው። ዋጋውን ያስወደዱት ደግሞ እኔ አውጥታችሁ ጣሉ የምላቸው ነገሮች ናቸው። ዙሪያውን የሚታሰረው መከለያ ልጁ ራሱን እንዳይመታ ተብሎ ይሸጣል። ሕፃን አልጋው ውስጥ ራሱን መትቶ ከባድ ጉዳት ይደርስበታል ብላችሁ አትስጉ፤ በመከለያው ግን ሊታፈን ይችላል። ትራሱም፣ አሻንጉሊቱም፣ ወፍራሙ ብርድ ልብስም እንደዚሁ። ጭንቅላት ከፍ ብሎ እግር ዝቅ የሚልበት፣ ተዳፋት መኝታ ደግሞ ሌላ ችግር አለው፤ ልጁ አገጩ ደረቱ ላይ ሲወድቅ የአየር ቧንቧው ይታጠፋል። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በግንቦት 2022 በወጣ ሕግ እነዚህን መከለያዎችና ከ10 ዲግሪ በላይ የሚያዘነብሉ የሕፃን መኝታዎችን እንዳይሸጡ ከልክላለች። እነሱ ያገዱት ዕቃ እኛ ጋ «ሞደርን» ተብሎ ሲመጣ ማየት ያናድደኛል።

የምፈልገው አልጋ ጠፍጣፋ፣ ጠንከር ያለ ፍራሽ ያለውና ባዶ ነው። ልጁ ብቻ ነው የሚተኛበት፤ በጀርባው።

በጀርባው ስል አያቶች እንደሚቃወሙኝ አውቃለሁ። «ቢያስመልሰው ትን ብሎት ይሞታል» ይላሉ። ስጋቱ ከፍቅር ነው፣ ግን የሰውነታችን አሠራር ተቃራኒውን ነው የሚለው። ሕፃኑ በጀርባው ሲተኛ የአየር ቧንቧው ከላይ፣ የምግብ ቧንቧው ከታች ይሆናል፤ ያስመለሰው ወተት ወደ ላይ ወጥቶ ወደ ሳንባ አይገባም። በሆዱ ሲተኛ ነው ነገሩ የሚገለበጠው። አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1994 «በጀርባቸው አስተኟቸው» የሚል ዘመቻ ተጀምሮ በቀጣዮቹ ዓመታት ድንገተኛ የጨቅላ ሕፃናት ሞት በግማሽ ገደማ ቀንሷል። «ጭንቅላቱ ይጠፈጠፋል» ለምትሉ ደግሞ፣ ነቅቶ ሳለ እናንተ እያያችሁት በሆዱ አጫውቱት።

አሁን ከእናት አልጋ ጎን ስለሚቆመው ትንሽ አልጋ። ለእኛ ቤት የሚስማማው ይሄ ነው ብዬ አምናለሁ፤ አያትን «ከእናቱ አልራቀም» ሐኪምን «ለብቻው ተኝቷል» ያሰኛል። ግን ሁለት ዓይነት ነው፣ ልዩነቱም ቀላል አይደለም።

አንደኛው ወደ እናትየው ያለው ጎኑ ክፍት ሆኖ ከትልቁ አልጋ ጋር በማሰሪያ የሚያያዝ ነው። እጅ ዘርግቶ ልጅን መሳብ ብቻ ነው፤ ለአራስ ይህን የሚያህል ምቾት የለም። ችግሩ እነሱ የሠሩት ለራሳቸው አልጋ ነው። የእኛ አልጋ በአብዛኛው እንጨት ቤት ወይም ብረት ቤት ታዝዞ የተሠራ ነው። የአንዱ ከፍታ ከሌላው አይገጥምም፣ የስፖንጁ ውፍረት ይለያያል፣ ብዙዎቹ ደግሞ ጠርዛቸው ላይ ከፍራሹ ከፍ የሚል ጣውላ አላቸው። ያ ጣውላ ካለ ሁለቱ ፍራሾች መቼም አይገናኙም። በመካከል የሚቀረው ክፍተት ነው የሚያስፈራኝ፤ ጨቅላ ተንሸራቶ ፊቱ ወይም አንገቱ እዚያ ሊቀረቀር ይችላል። አስራችሁ ስትጨርሱ ትንሹን አልጋ በጉልበት ወደ ውጭ ግፉት። ቢንቀሳቀስ ወይም በሁለቱ ፍራሾች መካከል ክፍተት ቢታይ ጎኑን ከፍታችሁ አትጠቀሙበት። በፎጣ ወይም በትራስ የተሞላ ክፍተት ያው ክፍተት ነው።

ሁለተኛው አራቱም ጎኑ የተዘጋ፣ ከአልጋችሁ አጠገብ ብቻ የሚቆም ነው። እኔን ብትጠይቁኝ ለአብዛኛው ቤት ይህን እመርጣለሁ። ልጁን ለማንሳት ትንሽ ቀና ማለት ይጠይቃል፣ እሱ እውነት ነው። ግን ጎኑ በመረብ ወይም በዘንግ የተሠራ ከሆነ ተኝታችሁ ፊቱን ታዩታላችሁ፣ ሲያለቅስም እጃችሁን ከላይ ታደርሳላችሁ።

የትኛውንም ብትመርጡ ሱቅ ከመሄዳችሁ በፊት ሜትር አውጡና ከወለሉ እስከ ፍራሻችሁ የላይኛው ጫፍ ለኩ። አንድ ሰው ጠርዙ ላይ ተቀምጦበት ለኩት፣ ስፖንጅ ይሰምጣላ። በአልጋችሁና በግድግዳው መካከል ያለውንም ለኩ። አልጋው ከገባ በኋላ ሌሊት መብራት ቢጠፋ ሳትደናቀፉ በሩ ጋ መድረስ አለባችሁ። ጎማ ካለው ፍሬኑን ሱቁ ውስጥ ሞክሩት። ፍራሹን በመዳፋችሁ ተጫኑት፤ የእጃችሁ ቅርጽ ሰምጦ ከቀረ ለጨቅላ አይሆንም። በፍራሹና በአልጋው ጎን መካከል ሁለት ጣት ከገባ ፍራሹ ትንሽ ነው።

አናጺ ጋ የምታሠሩ ብዙ ናችሁ፤ ጥሩ ሐሳብ ነው፣ አንዳንዴም ከተገዛው ይሻላል። አንድ ምክር ልስጣችሁ፦ መጀመሪያ ፍራሹን ግዙ፣ ከዚያ አናጺው አልጋውን በፍራሹ ልክ ይሥራው። ገልብጠን ስንሠራ ነው ክፍተት የሚመጣው። በዘንጎቹ መካከል ያለው ርቀት ከ6 ሴንቲ ሜትር አይብለጥ፤ ከዚያ ከሰፋ የሕፃኑ ሰውነት ሾልኮ ጭንቅላቱ ሊያዝ ይችላል። ማዕዘኖቹ ላይ ልብስ የሚይዝ ጌጥ አይቀረጽ። ቀለም የግድ አይደለም፣ በደንብ የተላገ እንጨት ይበቃል። ቫርኒሽ ካስቀባችሁም ሽታው ሙሉ በሙሉ እስኪጠፋ ቀደም ብላችሁ አሠሩት እንጂ ምጥ ሲጀምር አይደለም።

«ዶክተር፣ እኛ ለዳይፐር እንኳ አይተርፈንም» የምትሉም አላችሁ። እውነት ነው፣ ለእናንተ ነው በተለይ የምጽፈው። ፊንላንድ እ.ኤ.አ. ከ1938 ጀምሮ ለእናቶች የሕፃን ልብስ በካርቶን ሳጥን ትሰጣለች፤ ብዙ የፊንላንድ ልጆች የመጀመሪያ እንቅልፋቸውን የተኙት ሳጥኑ ውስጥ ነው። ለእኛ ግን ይበልጥ የሚቀርበን የኒው ዚላንድ ነገር ነው። ማኦሪዎች እንደ እኛ ልጃቸውን አጠገባቸው ነው የሚያስተኙት። ሐኪሞች ለዓመታት «አታስተኙ» ብለው ሲያወግዙ ከመኖር ይልቅ፣ ከአገሬው ሸማኔዎች ጋር ሆነው ዋሃኩራ የሚባል ከሣር ቅጠል የተጎነጎነ ጠፍጣፋ የሕፃን ቅርጫት አስፋፉ። ቅርጫቱ እናት አልጋ ላይ ይቀመጣል፤ ልጁ አጠገቧ ነው፣ የራሱ ድንበር ግን አለው። እኛ ከስፌትና ከቀርከሃ ሥራ ጋር የኖርን ሕዝብ ነን። ታችው ጠፍጣፋና ጠንካራ፣ የማይገለበጥ፣ ጎኑ ወደ ውስጥ የማይታጠፍ የቀርከሃ መኝታ ማሠራት ከዳንቴሉ አልጋ ዋጋ ጋር አይወዳደርም።

ይህም ካልተቻለና አብራችሁ መተኛት ግድ ከሆነ ቢያንስ ልጁን በሁለታችሁ መካከል አታድርጉት። ትራስና ጋቢ ከእሱ ይራቅ፣ በግድግዳና በፍራሽ መካከል ክፍተት አይኑር። ከመካከላችሁ መጠጥ የጠጣ፣ ሲጋራ የሚያጨስ ወይም እንቅልፍ የሚያመጣ መድኃኒት የወሰደ ካለ፣ ወይም ልጁ ያለጊዜው የተወለደ ወይም ሲወለድ ከ2.5 ኪሎ በታች የነበረ ከሆነ ግን በምንም መልኩ አብሮ መተኛት የለበትም። ሌሊት ስታጠቢ እንቅልፍ እንደሚጥልሽ ካወቅሽ ደግሞ ሶፋ ላይ አትቀመጪ፤ አልጋሽ ላይ ሆነሽ አጥቢ፣ ስትነቂ ወዲያው ወደ ቦታው መልሺው።

ብርዱስ? ለአዲስ አበባና ለደጋው ተገቢ ጥያቄ ነው፤ ጨቅላ ሙቀት ያስፈልገዋል። ሙቀቱ ግን ከለበሰው ልብስ ይምጣ እንጂ ከላዩ ከሚከመር ጋቢ አይደለም። እናንተ ከለበሳችሁት አንድ ድርብ ጨምሩለት። ስስ ብርድ ልብስ የግድ ካስፈለገ እግሩ የአልጋውን ግርጌ እንዲነካ ዝቅ አድርጋችሁ አስተኙት፣ ብርድ ልብሱ ከደረቱ አይለፍ፣ ጫፉም ከፍራሹ ሥር ይጠቅጠቅ። ሙቀቱን በእጁ አትለኩ፤ የሕፃን እጅ ሁልጊዜ ይቀዘቅዛል። ማጅራቱን ንኩ፤ ካላበው በዝቶበታል። ፊቱን በነጠላ የመሸፈን ልማዳችን እንግዳ ሲመጣ ለአፍታ ይሁን፣ ሲተኛ ግን ይገለጥ። በተዘጋ የአራስ ክፍል ውስጥ ከሰል የምታጨሱ ወገኖቼን ደግሞ እለምናለሁ፤ እሱ እናትንም ልጅንም አብሮ ነው የሚወስደው።

ወባ ያለበት አካባቢ የምትኖሩ፣ አጎበሩ ሁለቱንም አልጋ እንዲሸፍን አድርጉ፤ የጎን አልጋ አንዱ ጥቅም ይሄ ነው። ተወጥሮ ይታሰር፣ ልላቱ ልጁ ላይ እንዳይወርድ።

እነዚህ ትንንሽ አልጋዎች የሚያገለግሉት ለጥቂት ወራት ነው። ልጁ በእጁና በጉልበቱ ተደግፎ መነሳት ከጀመረ ወይም አምራቹ የጻፈው ክብደት ላይ ከደረሰ ዘመኑ አልቋል፤ ጎኑ አጭር ስለሆነ ወደ ውጭ ይገለበጣል። ብዙዎች አምስት ወር ገደማ ላይ እዚህ ይደርሳሉ። ለአራስ ጥየቃ ሦስተኛ ብርድ ልብስ ገዝቶ የሚመጣ ዘመድ ካላችሁ ጠንካራ ፍራሽ ይግዛላችሁ፤ መናገር ነውር አይደለም።

ትናንት ያቺ እናት ሌላ ፎቶ ላከችልኝ። ሰፈሯ ያለ አናጺ የሠራው ቀለም ያልነካው አልጋ ከራሷ አልጋ አጠገብ ቆሟል፤ አንሶላው ተወጥሮ፣ ውስጡ ምንም የለም። «ባዶ ሲሆን ሆድ ያባባል» ብላ ጽፋለች። የዘንጎቹን ርቀት በማስመሪያ ለክታ እንድትነግረኝ ጠየቅኳት። አምስት ተኩል ሴንቲ ሜትር።

የእናንተንም ለኩና ከታች ጻፉልኝ።