ከ«ወፌ ቆመች» በፊት

ሕፃን ግድግዳ ተደግፎ ሲነሣ ቤቱ በሞላ «ወፌ ቆመች!» ይላል። ከዚያ በፊት ባሉት ወራት በሆዱ ተደፍቶ፣ ፊቱ ቀልቶ፣ የከበደውን ጭንቅላቱን ከምንጣፉ ለማላቀቅ ሲታገል ግን የሚያጨበጭብለት የለም፤ እንዲያውም እንዳይታፈን ተብሎ ወዲያው ይገለበጣል። ለመቆም የሚያበቃው ጉልበት መጠራቀም የሚጀምረው ግን በዚህች ትግል ነው። በመጀመሪያው ወር አገጩን ለአፍታ ያነሣል፤ ወደ ሦስተኛው ወር ሲቃረብ በክርኑ ተደግፎ ደረቱን ቀና ያደርጋል፤ ከዚያ በመዳፉ ይገፋል፣ ይገላበጣል። አንገቱን፣ ትከሻውንና ጀርባውን የሚያሠራው የገዛ ክብደቱ ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው መመሪያ መዳህ ያልጀመረ ሕፃን በነቃበት ሰዓት፣ በቀን በድምሩ ቢያንስ 30 ደቂቃ በሆዱ እንዲቆይ ይመክራል። በዓመቱ ፔዲያትሪክስ በተባለው መጽሔት የታተመና በ8 አገሮች ከ4,000 በላይ ሕፃናትን የተመለከቱ ጥናቶችን የመረመረ ጽሑፍም ይህ ልማድ ከተሻለ የአካል እንቅስቃሴ ዕድገት ጋር እንደሚገናኝ አሳይቷል። አብዛኞቹ ጥናቶች ምልከታ ስለሆኑ የመጨረሻ ማረጋገጫ አይደሉም። እኔን ይበልጥ ያሳመነኝ ከጎረቤት የመጣ ማስረጃ ነው። ቻርልስ ሱፐር እ.ኤ.አ. በ1976 ባሳተመው ጥናት የኬንያ ኪፕሲጊስ ልጆች ከአሜሪካውያን እኩዮቻቸው ቀድመው ይቀመጡና ይራመዱ ነበር፤ እናቶቻቸው ሆን ብለው ያለማምዷቸዋልና። ማንም በማያለማምዳቸው በመገላበጥና በመዳህ ግን አልቀደሙም። ሕፃን የሚበረታው ባለማመዱት ነገር ነው።

«በሆዱ የተኛ ልጅ ይታፈናል» የሚለው ስጋት እውነት አለው። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1994 ሕፃናትን በጀርባ የማስተኛት ዘመቻ ከተጀመረ ወዲህ ድንገተኛ የሕፃናት ሞት በግማሽ ገደማ ቀንሷል። እንቅልፍ ሁልጊዜ በጀርባ ነው፤ በዚህ ድርድር የለም። ጥፋቱ ምናልባት ከስያሜው ይሆናል፦ «በሆድ ማስተኛት» ስንል እንቅልፍ ያስመስለዋል። «በሆድ ማጫወት» ብንለው ልጁ መንቃቱም፣ አጠገቡ ሰው መኖሩም በቃሉ ውስጥ ይገባል።

ቡና አብቃይ በሆነችው በገደብ ደግሞ ከሁሉ የሚከብደው ምክንያት የሥራው ነው። ከጥቅምት ጀምሮ እሸት ቡና ሲደርስ እናት ልጇን አዝላ ትለቅማለች፤ ማድረቂያው አልጋ ላይ ጎንበስ ብላ ቡና ስትመርጥም ልጁ ከጀርባዋ አይወርድም። ማዘልን የሚነቅፍ ሰው ሲገጥመኝ አልስማማም። እግሮቹ ግራና ቀኝ ተከፍተው ወገቧን ማቀፋቸው ለዳሌው መገጣጠሚያ ይበጃል፤ ሙቀቷም፣ ትንፋሿም አብሮት ነው። ነገር ግን ያው የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ ሕፃን በአንድ ጊዜ ከአንድ ሰዓት በላይ ታስሮ እንዳይቆይ ሲመክር በጀርባ መታዘልንም በስም ይጠቅሳል። ለቃሚዋ በየሰዓቱ ሥራ ታቁም ማለት ግን ከኑሮዋ ጋር አይሄድም። 30 ደቂቃው ሦስት ሦስት ደቂቃ ሆኖ ቢበተን አሥር ጊዜ ነው፤ ጡት አጥብታ ጥቂት ቆይታ፣ ጨርቁን ስትቀይር፣ አጥባ ስታሸው። ወለሉ አፈር ነው፣ እሳቱም ቅርብ ነው ለሚል፣ ምንጣፍ የግድ አይደለም። እግሯን ዘርግታ ጭኗ ላይ በሆዱ ታጋድመው፤ ወይም ጋደም ብላ ደረቷ ላይ ታድርገው፤ ፊቷን ለማየት ሲል ቀና ይላል።

«ሳይድሁ የሄዱ ስንት ልጆች አሉ» ይባላል፤ ልክ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በአምስት አገሮች ባደረገው ክትትል 4.3 በመቶ ያህሉ በእጅና በጉልበታቸው ሳይድሁ ተራምደዋል። ስለዚህ በሆዱ ያልተጫወተ ልጅ አይራመድም አልልም። የምግብ እጥረት ይቅደም ለሚሉም፣ ይህ ከምግቡ ብር አይወስድም፤ አንዲት ማሳያ ብቻ ይፈልጋል። ማሳያዋ ደግሞ ቦታ አላት፦ ሕፃን በ6፣ በ10 እና በ14 ሳምንቱ ለክትባት ጤና ተቋም ይመጣል፤ አንገቱ የሚጸናውም በእነዚሁ ሳምንታት ነው። መርፌው ከመወጋቱ በፊት፣ ልብሱ ወልቆ ሲመዘን፣ ባለሙያዋ ለአንድ ደቂቃ በሆዱ ገልብጣ «እስኪ ከፊቱ ሆነሽ ጥሪው» ብትላት እናቲቱ ልጇ አገጩን ሲያነሣ በዓይኗ ታያለች።