ለመሆኑ ኢንሹራንሳችን ለሲቢዲ ይከፍላልን?

በአሜሪካ በምንኖር ወገኖች መካከል ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ደጋግሞ የሚነሣ አንድ ጥያቄ አለ። ጉልበቱን የሚያመው፣ እንቅልፍ የራቀው፣ ወይም ጭንቀት የበዛበት ሰው ሕመሙን ሲናገር «ለምን ሲቢዲ አትሞክርም?» የሚለው አይጠፋም። ዘይቱም፣ ቅባቱም፣ ከረሜላውም በየሱቁ፣ በየነዳጅ ማደያውና በኢንተርኔት ይሸጣል። ዋጋው ግን ቀላል አይደለም። ስለዚህ ብዙዎች «በየወሩ ለኢንሹራንስ ይህን ሁሉ ገንዘብ እየከፈልን ይህንንስ ለምን አይሸፍንልንም?» ብለው ይጠይቃሉ። መልሱን በአጭሩ ለመናገር፣ ሐኪም ለሚያዝዘው ለአንድ መድኃኒት አዎን ሊከፍል ይችላል፤ ከመደርደሪያ ለሚገዛው ግን በአጠቃላይ አይከፍልም። ልዩነቱ ከምን የመጣ እንደ ሆነ አብረን እንመልከት። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሲቢዲ ምንድነው?

ሲቢዲ ካናቢስ ከሚባለው ተክል የሚገኝ ንጥረ ነገር ነው። ማሪዋናም ከዚሁ ተክል ይመጣል። ነገር ግን ሰውን የሚያሰክረው ቲኤችሲ የተባለው ሌላው ንጥረ ነገር እንጂ ሲቢዲ አይደለም። በዲሴምበር 2018 የወጣው የአሜሪካ የእርሻ ሕግ፣ የቲኤችሲ መጠኑ ከ0.3 በመቶ የማይበልጠውን ተክል «ሄምፕ» ብሎ ከተከለከሉ ዕፆች ዝርዝር አወጣው። የሲቢዲ ገበያ እንዲህ የተስፋፋው ከዚያ በኋላ ነው። ሆኖም ሕጉ ተክሉን ፈቀደ እንጂ ከተክሉ የሚሠራው ነገር ሁሉ መድኃኒት ነው አላለም። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው።

ኢንሹራንስ የሚከፍለው ለየትኛው ነው?

የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ኤፍዲኤ፣ ከተክሉ የወጣ ሲቢዲ ያለበትን አንድ መድኃኒት በጁን 2018 አጽድቋል። ስሙ ኤፒዲዮሌክስ ይባላል። የሚሰጠውም ከበድ ያሉ የሚጥል በሽታ ዓይነቶች ላሉባቸው ሕመምተኞች ነው። በመጀመሪያ ሌኖክስ ጋስቶ እና ድራቬ ለተባሉት ሁለት በሽታዎች፣ ከዚያም በ2020 ቲዩበረስ ስክሌሮሲስ ከተባለው በሽታ ጋር ለሚመጣው መንቀጥቀጥ ተፈቅዷል። መድኃኒቱ ገበያ ላይ ሲወጣ የዓመት ዋጋው ወደ 32,500 ዶላር ገደማ ነበር። ይህንን ከኪሱ የሚከፍል ቤተሰብ ጥቂት ነው።

ደግነቱ ብዙ የግል ኢንሹራንሶች፣ ሜዲኬይድም ሆነ የሜዲኬር የመድኃኒት ሽፋን ይህንን መድኃኒት ይሸፍናሉ። ይሁን እንጂ ብዙውን ጊዜ ቅድመ ፈቃድ ይጠይቃሉ። ይኸውም ሐኪሙ የበሽታውን ስም፣ ከዚህ በፊት የተሞከሩትን መድኃኒቶችና ምክንያቱን ጽፎ ለኢንሹራንሱ መላክ አለበት ማለት ነው። ኢንሹራንሱ እምቢ ቢል ይግባኝ ማለት ይቻላል።

እዚህ ላይ ለወላጆች አንድ ነገር ማሳሰብ እንወዳለን። ልጁ በሚጥል በሽታ የሚሠቃይበት ወላጅ «ይህ ከማሪዋና ተክል የመጣ ነው» ብሎ በመስጋት፣ ወይም ሰው ምን ይለኛል በማለት ሐኪሙን ሳይጠይቅ ሊቀር ይችላል። ሌላው ደግሞ ከሱቅ ዘይት ገዝቶ በራሱ ግምት ለልጁ ይሰጣል። ሁለቱም ልጁን ይጎዳሉ። ኤፒዲዮሌክስ አያሰክርም፤ መጠኑ በሐኪም የሚወሰን፣ ጉበትም በደም ምርመራ የሚከታተሉበት የታወቀ መድኃኒት ነው። የሜዲኬይድ ካርድ በቦርሳው ይዞ ገንዘቡን በሱቅ ዘይት ላይ የሚጨርስ ወላጅ ካለ ይህንን ሊሰማ ይገባዋል።

ለሱቁ ዘይት ለምን አይከፍሉም?

ኢንሹራንስ ለመድኃኒት የሚከፍለው በአብዛኛው ኤፍዲኤ ያጸደቀውንና በሐኪም የታዘዘውን ነው። የሜዲኬር የመድኃኒት ሽፋንማ ይህንን በሕግ ይጠበቅበታል። የሱቁ ሲቢዲ ግን ለየትኛው በሽታ፣ በምን መጠን እንደሚሠራ ለኤፍዲኤ ቀርቦ አልተረጋገጠም። ስለዚህ ሐኪም በወረቀት ላይ «ሲቢዲ ይውሰድ» ብሎ ቢጽፍ እንኳ ነገሩን አይለውጠውም። በጃንዋሪ 2023 ኤፍዲኤ ራሱ፣ ለምግብና ለቫይታሚን መሰል ምርቶች የወጣው ደንብ ለሲቢዲ እንደማይበቃ ገልጾ ከኮንግረስ ጋር ሌላ መንገድ መፈለግ እንደሚያስፈልግ አስታውቋል።

የጥራቱም ጉዳይ አለ። በ2017 የታተመ አንድ ጥናት በኢንተርኔት የተገዙ 84 የሲቢዲ ምርቶችን መርምሮ ነበር። በመለያው ላይ የተጻፈውን ያህል ሲቢዲ ይዘው የተገኙት 26ቱ ብቻ ነበሩ። በ18ቱ ውስጥ ደግሞ ቲኤችሲ ተገኝቷል። ኢንሹራንስ በውስጡ ምን እንዳለ በእርግጥ ለማይታወቅ ጠርሙስ ባይከፍል ሊገርመን አይገባም።

አዲስ ነገር የለምን?

አለ። በዲሴምበር 2025 ፕሬዚዳንት ትራምፕ በማሪዋናና በሲቢዲ ጉዳይ ትእዛዝ ሲፈርሙ፣ አንዳንድ የሜዲኬር ተጠቃሚዎች በሐኪማቸው ምክር በዓመት እስከ 500 ዶላር የሚያወጣ የሲቢዲ ምርት እንዲያገኙ የሚያስችል የሙከራ ዕቅድ አብሮ ተነግሯል። ይህ ዜና «ሜዲኬር ለሲቢዲ መክፈል ጀመረ» ተብሎ ከአፍ ወደ አፍ ቢተላለፍ ስሕተት ይሆናል። ዕቅዱ የወጣው በተወሰኑ የሕክምና ድርጅቶች ሥር ለሚታከሙ ሰዎች እንጂ ሜዲኬር ላለው ሁሉ አይደለም። አረጋውያን ወላጆች ያሏችሁ፣ ሐኪማቸው በዚህ ዕቅድ ውስጥ እንዳለ ጠይቁ እንጂ ደረሰኝ ሰብስባችሁ ገንዘቡ ይመለስልናል ብላችሁ አትጠብቁ።

በሌላ በኩል በኖቬምበር 2025 የወጣ የፌዴራል ሕግ የሄምፕን ትርጉም አጥብቋል። በአንድ ዕቃ ውስጥ የሚኖረው ጠቅላላ ቲኤችሲ ከ0.4 ሚሊግራም እንዳይበልጥ ሲወስን፣ ለአፈጻጸሙ የአንድ ዓመት ጊዜ ሰጥቷል። ሕጉ ሲወጣ በመደርደሪያ ላይ ይታዩ የነበሩ ብዙ ምርቶች ከዚህ መጠን በላይ ነበሩ።

የክርስቲያን የጤና መረዳጃ ማኅበራትስ?

ከወገኖቻችን መካከል በኢንሹራንስ ፋንታ የክርስቲያን የሕክምና ወጪ መካፈያ ማኅበራት አባል የሆኑ አሉ። እነዚህ ማኅበራት በሕግ ኢንሹራንስ አይደሉም። አባላት የአንዳቸውን ወጪ ሌላው ይካፈላሉ እንጂ ማኅበሩ ለመክፈል እንደ ኢንሹራንስ ውል አይገባም። የሚካፈሉትንና የማይካፈሉትን ወጪ የሚወስነው የእያንዳንዱ ማኅበር መመሪያ ነው። ስለዚህ አንድ ወንድም «የእኔ ማኅበር ከፍሎልኛል» ስላለ የእናንተም ይከፍላል ማለት አይደለም። መመሪያውን አንብቡ፤ ካልገባችሁ ደውላችሁ መልሱን በጽሑፍ ጠይቁ።

ለሾፌሮች

በከባድ መኪናና በአውቶቡስ ሥራ ላይ ያሉ ወገኖቻችን ከገንዘቡ ይልቅ የሚያሰጋቸው ሌላ ነገር አለ። የአሜሪካ የትራንስፖርት ሚኒስቴር በፌብሩዋሪ 2020 ባወጣው ማሳሰቢያ፣ በምርመራ ማሪዋና የተገኘበት ሾፌር «የወሰድኩት ሲቢዲ ብቻ ነው» ማለቱ ተቀባይነት እንደሌለው አስታውቋል። አንድ የከባድ መኪና ሾፌር ቲኤችሲ የለበትም የተባለ የሲቢዲ ምርት ወስዶ በምርመራ በመገኘቱ ከሥራው ተባርሯል። ሻጮቹን ከስሶም ጉዳዩ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ። ፍርድ ቤቱ በኤፕሪል 2025፣ 5 ለ4 በሆነ ድምፅ ክሱ ሊቀጥል እንደሚችል ወሰነ። ሰውየው ምርቱን የወሰደው በ2012 ነበር። ይህንን ሁሉ ዓመት መጠበቅ የሚችል የቤተሰብ አስተዳዳሪ ማን ነው?

እንግዲህ ምን እናድርግ?

በመጀመሪያ፣ ሲቢዲ የምትወስዱ ከሆነ ለሐኪማችሁና ለፋርማሲ ባለሙያችሁ ሳትደብቁ ንገሩ። ሲቢዲ እንደ ዋርፋሪን ካሉ የደም ማቅጠኛዎችና ከአንዳንድ የሚጥል በሽታ መድኃኒቶች ጋር ይጋጫል፤ ጉበትንም ሊጎዳ ይችላል። ሁለተኛ፣ ከመግዛታችሁ በፊት ኢንሹራንሳችሁን ደውላችሁ ጠይቁ። ቋንቋው የሚያስቸግራችሁ ከሆነ አስተርጓሚ እንዲሰጧችሁ ጠይቁ። ሦስተኛ፣ በቤተ ክርስቲያን የምንተማመንበት ሰው ስለ ሸጠልን ብቻ ጠርሙሱን አንመን። ፍቅር አለን ማለት ምርመራ አያስፈልግም ማለት አይደለም።

ለሕመሙ መፍትሔ የሚፈልገውን ሰው ማንም ሊወቅሰው አይገባም። ሕመም ያስጨንቃል፤ የተጨነቀ ሰውም የተነገረውን ሁሉ ይሞክራል። ለእንዲህ ያለው ወገን ልናደርግለት የምንችለው መልካም ነገር ቢኖር የጠርሙስ ስም ከመንገር ይልቅ አብረነው ወደ ሐኪም መሄድና የኢንሹራንሱን ወረቀት አብረነው ማንበብ ነው።