ለልጆች ስለሚሰጥ ስጦታ

አባትና እናት ከጉሮሮአቸው ነጥቀው ለልጃቸው ማጕረሳቸው ከፍጥረት የተገኘ ጠባይ ነውና ማንም ሊነቅፈው አይችልም። ወንጌልም ልጁ እንጀራ ሲለምነው ድንጋይ የሚሰጥ አባት እንደሌለ አስታውሶ፤ የሰውን አባት ቸርነት ለበለጠው ቸርነት ምሳሌ አድርጎታል። ስለዚህ የሚመረመረው ጕዳይ ለልጅ መስጠት ይገባል ወይስ አይገባም የሚለው አይደለም። የሚመረመረው፤ በዛሬው ጊዜ በየከተማው እየተለመደ የሄደው ብዙ ስጦታ፤ ይልቁንም ዋጋው የከበደው ስልክ፥ ታብሌትና የጨዋታ መሣሪያ፤ ወላጁ ያሰበውን ፍሬ ያፈራለታልን ወይስ አያፈራለትም የሚለው ነው።

በኢትዮጵያ ለልጅ ስጦታ መስጠት ዛሬ የተጀመረ ነገር አይደለም። በገጠር ልጅ ክርስትና ሲነሣ ወይም ከፍ ከፍ ሲል፤ አባት ወይም አያት ወይም የክርስትና አባት እንደ አቅሙ ዶሮ፥ ወይም ጠቦት፥ ወይም ጊደር ይሰጠው ነበር፤ እስከ ዛሬም የሚሰጥበት ስፍራ አለ። ልጁ ነፍስ ሲያውቅ ጊደሪቱ የእርሱ መሆኗን ይረዳል፤ ስም ያወጣላታል፤ ሲያግድ ዐይኑን ከእርስዋ አይነቅልም፤ ዝናብ ሲመጣ ያስጠጋታል፤ ብትታመምም እንቅልፍ አያገኝም። ስትወልድ ጥጃዋ የእርሱ ነው። ከስጦታው ጋር ሥራው አብሮ የሚመጣ ስለሆነ፤ ልጁ ጊደሪቱን በተቀበለበት ቀን ኀላፊነትንም አብሮ ተቀበለ ማለት ነው። ጊደር ብትጠበቅ የምትበዛ ሀብት ናት፤ ስልክ ግን ከሱቅ ከወጣበት ሰዓት ጀምሮ ዋጋው እየወረደ የሚሄድ፥ በየጊዜውም የካርድ ገንዘብ የሚጠይቅ ዕቃ ነው።

የቡሄም ስጦታ እንደዚሁ ነው። ነሐሴ 13 ቀን የደብረ ታቦር በዓል ሲከበር ልጆች ዱላቸውን ይዘው ሆያ ሆዬ እያሉ በየደጁ ሲዞሩ፤ የቤቱ ባለቤት ሙልሙል ይሰጣቸዋል፤ እነርሱም መርቀው ይሄዳሉ። ልጁ ዘምሮ፥ መርቆ፥ ከጓደኞቹም ጋር ተካፍሎ በላ እንጂ በከንቱ አልተቀበለም። በእንቍጣጣሽም ልጆች በእጃቸው የሣሉትን አበባ አበርክተው ስጦታ ይቀበሉ ነበር። ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ግን በከተማው ሙልሙሉ በብር ተተክቷል፤ የአበባውም ሥዕል በብዙ ስፍራ በማተሚያ ቤት ታትሞ የሚገዛ ሆኗል። በዚህ ልጁን መውቀስ አይገባም፤ አትሞ የሸጠለት ትልቅ ሰው ነውና።

ወደ ዛሬው መሣሪያ ስንኳ ቢመለሱ፤ አስቀድሞ የሚታየው ዋጋው ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ፤ ከውጭ አገር የሚገባ ዕቃ ለደመወዝተኛ ሰው እጅግ የከበደ ሆኗል። አንድ የመንግሥት ሠራተኛ የወር ደመወዙን ሳይነካ ቢያስቀምጥ ለአንድ ደኅና ስልክ የማይበቃበት ጊዜ ብዙ ነው። ሆኖም ከዕቍብ ተበድሮ፥ የወሩን ቀለብ አጕድሎ የሚገዛ አለ። ምክንያቱን ሲጠይቁት፤ የክፍል ጓደኞቹ ሁሉ ስለያዙ ልጄ ከእነርሱ እንዳያንስ ብዬ ነው ይላል። ልጅ እንዳያዝን ማሰቡ መልካም ነው፤ ዳሩ ግን እንዲህ ያለው አባት ለልጁ የገዛለት ስልክ ብቻ ሳይሆን፤ ሰው በያዘው ዕቃ የሚመዘን ነው የሚለውንም ትምህርት ነው።

መሣሪያው ለትምህርት ይጠቅመዋል የሚሉ ወላጆች በበኩላቸው የሚናቅ ምክንያት አያቀርቡም። ነገሩ ግን ከምኞት ይልቅ በምርመራ የተፈተነ ስለሆነ፤ የተገኘውን መመልከት ይሻላል። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ከ2004 ዓ.ም. ጀምሮ የሩማንያ መንግሥት ገቢያቸው አነስተኛ ለሆነ ቤተ ሰቦች ኮምፒዩተር መግዣ የሚሆን 200 ኤውሮ ይሰጥ ነበር። ገንዘቡ ለጠየቀው ሁሉ ስላልበቃ፤ ዕድሉ የደረሳቸውንና ለጥቂት ያመለጣቸውን ቤተ ሰቦች ማላሙድና ፖፕ ኤሌኬስ የተባሉ ሁለት የኤኮኖሚ ሊቃውንት አነጻጽረው፤ በ2011 ዓ.ም. ውጤቱን አሳተሙ። ኮምፒዩተሩ በቤታቸው የገባላቸው ልጆች በመሣሪያው አጠቃቀም በልጠው ተገኙ፤ በትምህርት ቤት ያገኙት ማርክ ግን ካልደረሳቸው ልጆች አነሰ። ከዚህ ሁሉ ይልቅ ሊታሰብበት የሚገባው ሌላው ግኝት ነው፤ ይኸውም ወላጆች ስለ ቤት ሥራ ሥርዓት ባቆሙበት ቤት የማርኩ ጕዳት ያነሰ ሆኖ መገኘቱ ነው። በፔሩም ከ850,000 የሚበልጡ ትንንሽ ኮምፒዩተሮች ለተማሪዎች ከታደሉ በኋላ፤ በ319 የገጠር ትምህርት ቤቶች የተደረገው ምርመራ በሒሳብና በቋንቋ ትምህርት አንዳች ብልጫ አላገኘም። ልጆቹ ነገርን በማስተዋል ፈተና ጥቂት መሻላቸው ግን አልተካደም።

በኢትዮጵያም እንደዚህ ያለ ሙከራ ተደርጓል። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ2012 ዓ.ም. አንድ ላፕቶፕ ለአንድ ልጅ የተባለው ድርጅት፤ በወንጪና በወለንጪቲ አካባቢ ባሉ ሁለት መንደሮች ፊደል ላልቈጠሩ ልጆች፤ የፊደል ጨዋታ፥ መጻሕፍትና ሥዕል የተጫነባቸውን ታብሌቶች ያለ አስተማሪ እንደ ታሸጉ ሰጠ። የድርጅቱ መሥራች ኒኮላስ ኔግሮፖንቴ እንደ ተናገሩት፤ አንድ ልጅ በ4 ደቂቃ ውስጥ ሣጥኑን ከፍቶ መሣሪያውን አበራው፤ በሁለት ሳምንትም ልጆቹ የእንግሊዝኛን ፊደል በዜማ ማለት ጀመሩ፤ አምስት ወር ሳይሞላ ተዘግቶ የነበረውን ካሜራ ከፈቱ። የእነዚህ ልጆች ብልኅነት የሚያስመሰግን ነው፤ ለእረኛ ልጅ አእምሮ የለውም ብሎ ለሚያስብ ሰውም በቂ መልስ ነው። ነገር ግን በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤት ያለፈ ሰው ሁሉ እንደሚያውቀው፤ ፊደልን በዜማ ማለት አንድ ነገር ነው፤ ማንበብ ሌላ ነው። ብዙ ሕፃን ከሀ እስከ ፐ በቃሉ እየወረደ፤ ፊደሉን ለብቻው ነጥለው ሲያሳዩት የሚጠፋው ነው። ከቍጥር ወደ ንባብ የሚያሻግረው የኔታ አጠገቡ ተቀምጠው በስንደዶ እያመለከቱ፤ ሲስት ሲመልሱት ነው። ይህን የሚተካ መሣሪያ ገና አልተሠራም።

ስለ ሕፃናትማ ክርክሩ አጭር ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ2019 ዓ.ም. በሰጠው መመሪያ፤ ሁለት ዓመት ያልሞላው ሕፃን በመስተዋቱ ፊት ከቶ እንዳይቀመጥ፤ ከሁለት እስከ አራት ዓመት ያለውም በቀን ከአንድ ሰዓት እንዳያልፍ መክሯል። ፈረንሳይ በ2018 ዓ.ም. ዕድሜያቸው እስከ 15 ዓመት የሆነ ተማሪዎች በትምህርት ቤት ስልክ እንዳይዙበት ሕግ አውጥታለች። መሣሪያውን ሠርተው የሚሸጡ አገሮች ለልጆቻቸው ወሰን ሲያበጁ፤ ገዝቶ የሚያስገባ አገር ወሰን የሌለው መሆኑ ይደንቃል።

ሌላው አሳብ የሚያስፈልገው ስጦታን ለትምህርት ደመወዝ ማድረግ ነው። ፈተናህን አንደኛ ከወጣህ እንዲህ ያለ ስልክ እገዛልሃለሁ የሚል አባት ብዙ ነው። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1973 ዓ.ም. በአሜሪካ በስታንፎርድ በሚገኝ የሕፃናት ትምህርት ቤት፤ ሥዕል መሣል በጣም ይወዱ ለነበሩ ልጆች፤ ብትሥሉ ሽልማት ታገኛላችሁ ተብሎ ተነገራቸው፤ ሣሉ፤ ተሸለሙም። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ያለ ሽልማት ሲተዉ፤ እነዚህ ልጆች በሥዕል ላይ የሚያጠፉት ጊዜ ሽልማት ካልተነገራቸው ልጆች ግማሽ ያህል ሆነ። ሳይነገራቸው በድንገት የተሸለሙት ግን ፍቅራቸው አልቀነሰም። እንግዲህ ስጦታውን የሚያበላሸው መስጠቱ ሳይሆን ውል ማድረጉ መሆኑን ከዚህ መረዳት ይቻላል።

ውል ከተገባ ግን መፈጸም አለበት። በአሜሪካ በሮቼስተር ዩኒቨርሲቲ በ2013 ዓ.ም. ለታተመ ጥናት፤ ለአንዳንዶቹ ልጆች የተሻለ የቀለም እርሳስ ይመጣላችኋል ተብሎ መጣላቸው፤ ለሌሎቹ ተስፋ ተሰጥቶ ሳይመጣላቸው ቀረ። ከዚያ በኋላ ጣፋጩን ሳትበላ ብትቆይ ሌላ ይጨመርልሃል ሲባሉ፤ ቃል የተፈጸመላቸው በአማካይ 12 ደቂቃ ያህል ሲታገሡ፤ የተታለሉት 3 ደቂቃ ያህል ብቻ ታገሡ። አባት ብዙ ተስፋ ሰጥቶ ከግማሹ ሲቀር ልጁ የሚማረው ድኽነትን አይደለም፤ የአባት ቃል ዋጋ እንደሌለው ነው። ቃሉ ከጸና እንኳን ስልክ፥ አንዲት እርሳስ ትበቃለች።

በወንድማማቾች መካከል የሚደረገው አድልዎም ሳይነሣ የሚታለፍ አይደለም። ያዕቆብ ዮሴፍን አብልጦ ወደደው፤ ኅብር ያላት ቀሚስም አደረገለት። ቀሚሲቱ ዮሴፍን አላሞቀችውም፤ በ20 ብር ለመሸጥ አበቃችው እንጂ። አባትየውም ያቺኑ ቀሚስ በፍየል ደም ተነክራ መልሶ አያት። በጠፋው ልጅ ምሳሌም ታላቁን ልጅ ከደጅ ያስቀረው የሰባው ፍሪዳ መታረዱ ብቻ ሳይሆን፤ ለእርሱ አንድ ጠቦት ስንኳ ተሰጥቶት አለማወቁን ማስታወሱ ነው። ዛሬም ለአንዱ ልጅ በውድ ዋጋ ገዝቶ ለሌላው የወንድሙን አሮጌ የሚሰጥ ቤት፤ መሣሪያውን ሳይሆን ቂምን ያከፋፍላል።

አሁን ደግሞ ሹመት ያለውን ሰው የሚመለከት አንድ ነገር አለ። ባለ ጕዳይ ለሹሙ በቀጥታ መስጠት ሲያሳፍረው ወይም ሲያስፈራው፤ ለልጁ ልደት፥ ለልጁ ምርቃት እያለ ኮምፒዩተር ወይም ስልክ ማምጣቱ የታወቀ ዘዴ ነው። ሕፃን ደስ ብሎት የተቀበለውን ነገር ከእጁ ነጥቆ መመለስ ለወላጅ ከባድ ስለሆነ፤ ሰጪው ይህን አስቦ ነው። በ2002 ዓ.ም. የወጣው የሀብት ማሳወቅና ማስመዝገብ አዋጅ ቍጥር 668፤ ተሿሚው የራሱን ብቻ ሳይሆን የቤተ ሰቡንም ሀብት እንዲያስመዘግብ ማዘዙ እንዲህ ያለውን በር ሳያስብ አልነበረም። ነገር ግን ሕጉ የማይደርስበት ጕዳት አለ። ልጁ ስጦታው ከማን እንደ መጣ፥ ለምንም እንደ መጣ ውሎ አድሮ ያውቃል፤ በሰፈሩም ይነገረዋል። ከዚያ በኋላ አባቱ ስለ እውነት ቢመክረው ራሱን ዝቅ አድርጎ ከመስማት በቀር በልቡ አይቀበለውም።

የአዶንያስም ነገር ለሹማምንት የተጻፈ ይመስላል። ሠረገላና ፈረሰኞች በፊቱም የሚሮጡ 50 ሰዎች አዘጋጅቶ፤ አባቱ ገና በሕይወት ሳለ ንጉሥ ልሁን ብሎ ተነሣ። መጽሐፉ ምክንያቱን ሲናገር፤ ዳዊት ለምን እንዲህ አደረግህ ብሎ አንድ ቀን ስንኳ ጠይቆት እንደማያውቅ ይመሰክራል። ዳዊት ጎልያድን የጣለ፥ ብዙ ጠላት ያሸነፈ ንጉሥ ሲሆን፤ ልጁን አንዲት ጥያቄ ለመጠየቅ አቅም አጣ። ሠረገላው ከየት መጣ የሚል ጥያቄ በጊዜው ቢጠየቅ ኖሮ የቤቱ ታሪክ ሌላ በሆነ ነበር።

ካህናትም በዚህ ጕዳይ ሥራ አላቸው። የንስሐ አባት ወደ ልጆቹ ቤት ሲገባ ስለ ጾሙና ስለ ጸሎቱ እንደሚጠይቅ፤ ልጆቹ ማታ በምን እንደሚውሉ፥ ስልኩ በየትኛው ሰዓት እንደሚከደን ቢጠይቅ፤ ከብዙ ስብከት የሚበልጥ ይሠራል። ጠበል ጸዲቅ በሚቀመስበት ቤት አምስት ልጆች አንገታቸውን ደፍተው እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን መስተዋት ሲያዩ፤ ካህኑ አይቶ እንዳላየ ማለፉ አይገባም። በደበሎና በቍራሽ የተማረው ሊቅ የዛሬው ልጅ እንደ እርሱ እንዲራብ ይመኛል ማለት አይደለም። ረኀብ ማንንም ሊቅ አላደረገም፤ ሊቅ ያደረገው አስተማሪውና የተሰጠው ሰዓት ነው።

ከሁሉ ይልቅ ፍርድ የሚከብደው ልጇን ለአያቱ ትታ በቤይሩት ወይም በሪያድ በሰው ቤት የምታገለግለው እናት የምትልከው ስልክ ነው። እርስዋን ለልጅሽ አበዛሽለት ብሎ መውቀስ ጭካኔ ነው። ያቺ መሣሪያ ለእርስዋ ቅንጦት አይደለችም፤ የልጇን ፊት የምታይባት መስኮት ናት። ጕዳቱ የሚመጣው ስልኩ ሌሊቱን ሁሉ በልጁ ትራስ ሥር ሲያድር፤ አያቲቱም መክፈቻውን ስለማያውቁ ምን እንደሚያይ ሳይረዱ ሲቀሩ ነው። ይህን የተረዱ አንዳንድ አያቶች ግን ስልኩን በነጠላ ጠቅልለው ከሣጥናቸው ያኖሩታል። ማታ እናትየዋ የምትደውልበት ሰዓት ሲደርስ ያወጡታል፤ ልጁም ደብተሩን ይዞ ይመጣና ቀን የጻፈውን ያነብላታል። እርስዋም ወጥ ቤት ቆማ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፤ ያችኑ ገጽ ድገማት ትለዋለች።