ማሽኑ «ዜሮ» ሲል

ቲአይ-84 ፕላስ የተባለውን ግራፍ የሚስል ካልኩሌተር የያዘ ተማሪ አንድ ነገር ይሞክር። የኤክስን አብሶሉት ቫልዩ ያስገባና ደሪቬቲቩን ዜሮ ላይ እንዲያወጣ ይዘዘው። ካልኩሌተሩ ሳያመነታ 0 ብሎ ይመልሳል። መልሱ ስሕተት ነው። የዚህ ፋንክሽን ግራፍ የ«ቪ» ቅርጽ አለው፤ ስሎፑ ከጫፉ በስተግራ -1፣ በስተቀኝ 1 ስለሆነ ጫፉ ላይ ደሪቬቲቭ የሚባል ነገር የለም።

ማሽኑ ተበላሽቶ አይደለም፤ የታዘዘውን ነው የሠራው። «ኤንደሪቭ» የሚባለው ትእዛዝ ተማሪው በክፍል የተማረውን የደሪቬቲቭ ሕግ አያውቅም። ከተጠየቀበት ነጥብ 0.001 ወደ ቀኝ፣ 0.001 ወደ ግራ ይሄድና ሁለቱን ቦታዎች በቀጥታ መስመር አገናኝቶ የመስመሩን ስሎፕ ይሰጣል። ከ«ቪ»ው ጫፍ ግራና ቀኝ ያሉት ነጥቦች ቁመታቸው እኩል ነውና መስመሩ ይጋደማል፤ ዜሮ የመጣውም ከዚያ ነው። የኤክስ ሦስተኛ ርቢ ደሪቬቲቭ 2 ላይ ሲጠየቅም 12 ማለት ሲገባው 12.000001 ይላል። መጨረሻ ላይ የተንጠለጠለችው ትርፍ 0.001 በራሱ ሲባዛ የሚገኘው ቁጥር ናት፤ ማሽኑ በየት በኩል እንደሄደ የምታሳይ ዱካ። 1 ለኤክስ ሲካፈል የሚገኘው ፋንክሽን ዜሮ ላይ ቢጠየቅ ደግሞ መልሱ 1,000,000 ነው፤ ፋንክሽኑ ራሱ በሌለበት ቦታ!

ልጃቸው ሃይስኩል ሲገባ ከመቶ ዶላር በላይ የሚያወጣ ካልኩሌተር እንዲገዙ የሚጠየቁ በቨርጂኒያና በሜሪላንድ የሚኖሩ አበሻ ወላጆች አሉ። የሎጋሪዝም ሰንጠረዥ እያገላበጠ፣ ስሌቱን በእርሳስ እየሠራ ያደገ አባት «ይህ ነገር የልጄን ጭንቅላት ሊያሰንፈው ነው» ቢል አይፈረድበትም። ስጋቱ ግማሹ እውነት ነው። መድኃኒቱ ግን ማሽኑን መንጠቅ አይደለም። ልጁ ውስጡን እንዲያውቀው፣ ከዚያም አልፎ በገዛ እጁ እንዲያዝዘው ማድረግ ነው።

ካልኩሌተርን በራስ ፕሮግራም ማዘዝ የቆየ ነገር ነው። እ.ኤ.አ. በ1974 የወጣው ኤችፒ-65 የተባለው ካልኩሌተር 100 የትእዛዝ እርከን በምትይዝ ማግኔታዊ ካርድ ይሠራ ነበር። በ1975 የአሜሪካና የሶቭየት መንኮራኩሮች ሕዋ ላይ በተገናኙበት የአፖሎ-ሶዩዝ በረራ አሜሪካውያኑ ጠፈርተኞች ይህንኑ ይዘው ወጥተዋል። በ1985 ካሲዮ ለገበያ ያቀረበው የመጀመሪያው ግራፍ የሚስል ካልኩሌተር ለፕሮግራም የነበረው ቦታ 422 ባይት ብቻ ነው። በዛሬው የኮምፒውተር አሠራር አንድ የግዕዝ ፊደል 3 ባይት ስለሚወስድ 140 ያህል ፊደል ቢገባበት ነው። ሰዎች በዚያች ጥበት ውስጥ ሐሳባቸውን ማሽኑ ላይ ጽፈዋል።

ዛሬ አንድ የአሥረኛ ክፍል ተማሪ ሦስት ቁጥር ተቀብሎ ኳድራቲክ ኢኩዌሽን የሚፈታ ፕሮግራም በጥቂት መስመር ይጽፋል። 1፣ -5 እና 6 ሲያስገባ 2 እና 3 ይወጣለታል፤ ደስ ይለዋል። 1፣ 1 እና 1 ሲያስገባ ግን ከሥሩ ምልክት በታች -3 ይመጣና ማሽኑ መልሱ ሪል ቁጥር እንዳልሆነ ነግሮት ይቆማል። የመጀመሪያውን ቁጥር ዜሮ ቢያደርገውስ? ለዜሮ ማካፈል ይሆናል። ልጁ አሁን ፕሮግራሙን ለማስተካከል ሲል ብቻ «ከሥሩ በታች ያለው ከዜሮ ካነሰስ? እኩል ከሆነስ?» እያለ ይጠይቃል። መምህሩ ሰሌዳ ላይ በሦስት ረድፍ የጻፉለትን ነገር አሁን ለራሱ አገኘው። ከጓደኛው ተቀብሎ የጫነው ፕሮግራም ይህን አይሰጠውም፤ መልሱ አንድ ቢሆንም።

በካልኩሌተር ጉዳይ ፈተናው ሁሉ እንደ ኤፒ ካልኩለስ ቢሆን ጥሩ ነበር። በኮሌጅ ቦርድ የሚዘጋጀው ይህ የአሜሪካ ፈተና ከ1995 ጀምሮ ግራፍ የሚስል ካልኩሌተርን ግዴታ አድርጓል። ከማሽኑ የሚጠብቀው አራት ነገር ነው፦ ግራፍ መሳል፣ ኢኩዌሽን መፍታት፣ ደሪቬቲቭንና ኢንቲግራልን በቁጥር ማስላት። ተማሪው የራሱን ፕሮግራም እንደያዘ ይገባል፤ ሜሞሪውን አጥፋ አይባልም። ነገር ግን ከ6ቱ የጽሑፍ ጥያቄዎች ካልኩሌተር የሚፈቀደው በ2ቱ ብቻ ነው። በእነዚያም ላይ የማሽኑን ትእዛዝ ገልብጦ መጻፍ በሒሳብ አጻጻፍ ምትክ አይታሰብለትም፤ ኢንቲግራሉን በወጉ አስቀምጦ ካሳየ በኋላ ነው ቁጥሩን ከማሽኑ የሚወስደው። ማሽኑን ሳያባርር ማሰብን ለሰው የተወ ሥርዓት ነው።

ለመጀመር ፕሮግራም መጻፍ እንኳ አያስፈልግም። ልጁ ዛሬ ማታ 1 ብሎ ኤንተርን ይጫን። ቀጥሎ የመጨረሻውን መልስ ወስዶ፣ 2 ለዚያው መልስ ሲካፈል የሚገኘውን ደምሮ፣ ድምሩን ለ2 የሚያካፍል አንድ መስመር ይጻፍና ኤንተርን ደጋግሞ ይጫን። 1.5 ይመጣል፤ ከዚያ 1.416666667፤ ከዚያ 1.414215686፤ በአራተኛው 1.414213562። አሁን የሥር ምልክቱን ቁልፍ ተጭኖ 2ን ያስገባ፤ ስክሪኑ ላይ የሚመጣው ያው ቁጥር ነው። አባትየውም አጠገቡ ወረቀትና እርሳስ ይዘው ቢቀመጡ የመጀመሪያዎቹን ሁለት እርከኖች ቀድመውት ሊደርሱ ይችላሉ።