የውሻው ስንቅና የእረኛው ድርሻ

ጎበዝ፣ የከተማችን ወጣት በእግሩ መሄድ ወዷል። ቅዳሜና እሑድ በመጣ ቁጥር ወደ እንጦጦ፣ ወደ መናገሻ ሱባ ደን፣ ወደ ወንጪ የሚነጉደውን ሕዝብ ያየ ሰው «ታክሲ ሲጠፋ እንደዚያ የምናማርረው እኛው ነን ወይ?» ማለቱ አይቀርም። ብር ከፍሎ ዳገት መውጣት! (ይሁን፣ ጤና ነው።) አሁን ደግሞ በዚህ ላይ አንድ ነገር ተጨምሯል፤ ውሻን አስከትሎ መውጣት፣ ድንኳን ተክሎም አብሮ ማደር።

ልብ በሉ፣ እኛ ይሄን አንቃወምም። ቀን በሰንሰለት ታስሮ ማታ ለጥበቃ ሲለቀቅ ለኖረው የአዲስ አበባ ውሻ፣ ከግቢው አጥር ውጭ ሌላ ዓለም መኖሩን ማየት ትልቅ ነገር ነው። የእኛ ጥያቄ ቦርሳው ላይ ነው። ለውሻ ምን እንያዝ ብሎ ኢንተርኔት ላይ የሚፈልግ ሰው ረጅም ዝርዝር አያጣም፤ የውሻ ጫማ፣ የውሻ ዝናብ ልብስ፣ የሚተጣጠፍ አልጋ፣ ምኑ ቅጡ። ክፋት የለውም። ችግሩ ዝርዝሩ የተጻፈው ቀኑን ሙሉ ተጉዘው አንድ እረኛ ለማያገኙበት አገር መሆኑ ነው። የእኛ ተራራ ባዶ አይደለም። ገብስ ይዘራበታል፣ በግ ይሰማራበታል፣ ጫፉ ላይ ገዳም አለ፣ ወገቡ ላይ መንደር አለ። በጎቹን የሚጠብቀውም ብዙ ጊዜ ገና ሕፃን ልጅ ነው።

ስለዚህ አቋማችን ይሄ ነው፤ የውሻ ስንቅ ሲሰናዳ መጀመሪያ ቦርሳ ውስጥ መግባት ያለበት ውሻው መንገድ ላይ ለሚያገኛቸው የሚያስፈልገው ነው። የውሻው ምቾት ከዚያ በኋላ ይደርሳል።

አንደኛ፣ የክትባት ወረቀት። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ አንዴ ከታየ የሚያድን መድኃኒት የለውም ማለት ይቻላል። በሰው ላይ የሚደርሰው ደግሞ ከሞላ ጎደል ሁሉም ከውሻ የሚመጣ ነው፤ ከሚጎዱትም ብዙዎቹ ልጆች ናቸው። ውሻችሁ ካልተከተበ ጉዞው ይቆያችሁ። የመጀመሪያ ክትባቱ ከሆነ ደግሞ ከጉዞው አንድ ወር ያህል አስቀድማችሁ አስከትቡት፤ ክትባት እንደተወጋ ወዲያው አይሠራምና። ወረቀቱን ኮፒ አድርጋችሁ በላስቲክ ጠቅልላችሁ ያዙ። ውሻችሁ የሰው ልጅ ቢነክስ ቤተሰቡ «ተከትቧል ወይ?» ብሎ ይጠይቃል። ያኔ «አዎ መሰለኝ» መልስ አይደለም።

ከወረቀቱ ጎን አንድ ሳሙና አስቀምጡ። አዎ፣ ተራ ሳሙና! የተነከሰ ሰው ቁስሉን ወዲያው በውኃና በሳሙና ቢያንስ ለ15 ደቂቃ ማጠብ አለበት፤ ከዚያ ሳይውል ሳያድር ወደ ጤና ተቋም። ውሻው ተከትቧል ብሎ ነገሩን ማቃለል አይገባም። ከዚህ ሳሙና የበለጠ ዋጋ ያለው ዕቃ ከቦርሳችን አይገኝም።

ሁለተኛ፣ ማሰሪያ። ሁለት ሜትር ገደማ ጠንካራ ገመድና የማይላላ የአንገት ወይም የደረት ማሰሪያ። እዚህ ላይ አንድ የታወቀ ንግግር አለ፤ «አይዟችሁ፣ አይነክስም!» ይሄን ባለቤቱ ያውቅ ይሆናል፤ ሕፃኑ እረኛ ግን አያውቅም። በጎቹም አያውቁም። ያረገዘች በግ ተባርራ ብትጨነግፍ የአንድ ቤተሰብ ሀብት ነው የጠፋው። ደግሞም ውሻ ወደ ቤተ ክርስቲያን ግቢ አይገባም፤ ብዙ ሙስሊም ወገኖቻችንም የውሻ ምራቅ ልብሳቸውን ወይም ዕቃቸውን እንዲነካ አይፈልጉም። የሰው አገር የሄደ እንግዳ የባለአገሩን ወግ ያከብራል። ማሰሪያው ለውሻውም ይጠቅመዋል፤ የመንደር ውሾች ባዕድ ውሻ አይወዱም፣ እረኛውም ድንጋይ አይስትም።

ሦስተኛ፣ ትንሽ አካፋ። የውሻ ኩስ ውስጥ የሚገኝ የትል ዕንቁላል ሣር ላይ ቀርቶ ወደ በግ፣ ወደ ከብት፣ ወደ ሰውም ይተላለፋል። ስለዚህ ከመውጣታችሁ በፊት የትል መድኃኒት ስጡት። መንገድ ላይ ደግሞ ከምንጩና ከመንገዱ ራቅ ብላችሁ፣ አንድ ስንዝር ያህል ቆፍራችሁ ቅበሩ። ያ ምንጭ የአንድ መንደር መጠጥ ነው።

አሁን ወደ ራሱ ወደ ውሻው እንምጣ። እሱም ነፍስ ነው።

ውሻ እንደ ሰው በላቡ አይቀዘቅዝም፤ ሙቀቱን የሚያወጣው ምላሱን አውጥቶ በማለክለክ ነው። 20 ኪሎ የሚመዝን ውሻ ዝም ብሎ ቢውል እንኳ በቀን ወደ አንድ ሊትር ውኃ ይጠጣል። ዳገት ላይ ደግሞ እጥፍም ቢፈልግ አይገርምም። ስለዚህ «እሱ ከወንዝ ይጠጣል» አትበሉ፤ በየወንዛችን አልቅት አለ፣ አፍንጫና ጉሮሮ ውስጥ ገብቶ ይጣበቃል። ውኃውን ከቤት ያዙለት። መጠጫ መግዛት ግዴታ አይደለም፤ የሃይላንድ ፕላስቲክ ከወገቡ ቆርጦ መያዝ በቂ ነው (መልሳችሁ ይዛችሁት ኑ እንጂ!)። ማለክለኩ አልቆም ካለና ከተንገዳገደ ጥላ ፈልጋችሁ አሳርፉት፤ ሰውነቱን በውኃ አርጥቡት፤ ጉዞውን እዚያው አቁሙ።

ምግቡ የለመደው ይሁን። ለእኛ የተሠራውን ወጥ አታካፍሉት፤ ሽንኩርት የውሻን ደም ይጎዳል፣ እኛ ደግሞ ያለ ሽንኩርት ወጥ አንሠራም። ቸኮሌትና ዘቢብ ለውሻ መርዝ ናቸው። የተቀቀለ አጥንት ተሰንጥሮ አንጀት ይወጋል። ለራሳችን የያዝነውን የራስ ምታት ክኒንም እንዳትሰጡት፤ ለሰው ፈውስ የሆነው ለውሻ ሞት ሊሆን ይችላል።

ለእግሩ ፋሻና ጎዝ፣ ለእሾህና ለመዥገር ደግሞ ወረንጦ ያዙ። ወረንጦ ያልን ጊዜ የሳቀ ካለ አያቱን ይጠይቅ፤ በዚህ አገር ከወረንጦ ጋር ያልተጓዘ መንገደኛ አልነበረም። ማታ ማታ ጣቶቹን መካከል መፈተሽ አትርሱ። ዕቃውን ውሻው ራሱ ይሸከም ካላችሁም ከክብደቱ አንድ አሥረኛ ባይበልጥ ይመረጣል፤ ቡችላ ከሆነ ምንም አታሸክሙት።

ሌሊቱስ? ጅብ ውሻ ይበላል። ውሻን ድንኳን ደጃፍ ላይ አስሮ መተኛት ለጅብ እራት ማቅረብ ነው፤ ታስሯልና መሮጥ እንኳ አይችልም። ስለዚህ አንድ ብርድ ልብስ ጨምሩና ድንኳን ውስጥ አብራችሁ እደሩ። ሽታውን የማትችሉ ከሆነ መጀመሪያውኑ ይዛችሁት አትውጡ።

ይሄን ሁሉ ካሰናዳችሁ በኋላ አንድ ጥያቄ ይቀራል፤ ወዴት ነው የምትሄዱት? መልሳችሁ ባሌ፣ ሰሜን ተራሮች ወይም መንዝ ጓሳ ከሆነ ቦርሳውን ፍቱት። ውሻው ቤት ይቅር።

ምክንያቱ ቀይ ቀበሮ ነው። ከኢትዮጵያ በስተቀር በዓለም ላይ የትም አይገኝም፤ ለአካለ መጠን የደረሱት ቁጥራቸው ከ500 በታች ነው፤ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ደግሞ ባሌ ውስጥ ናቸው። ይህን እንስሳ ከሚፈጁት ነገሮች ዋናዎቹ ከውሻ የሚተላለፉ በሽታዎች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2003 የእብድ ውሻ በሽታ ባሌ ገብቶ በዌብ ሸለቆ ከነበሩት ቀበሮዎች ከግማሽ በላይ ጨረሰ። በ2008 እና በ2014 ተመልሶ መጣ። በ2010 እና በ2015 ደግሞ ዲስቴምፐር የሚባለው ሌላው የውሻ በሽታ ተራውን ወሰደ። የቀይ ቀበሮ ጥበቃ ፕሮግራም ሰዎች ለዓመታት የመንደር ውሾችን ሲከትቡ ኖረዋል፤ ከ2018 ጀምሮም ክትባቱን በማባበያ ሥጋ ውስጥ ደብቀው ለቀበሮዎቹ ለራሳቸው ማብላት ጀምረዋል። ውሻ በቀደደው ጅብ ይገባል ይባላል፤ እዚያ ተራራ ላይ ግን ውሻ በቀደደው የሚገባው ሞት ነው።

«እዚያ ያሉት ባለ ከብቶች ውሻ አላቸው እኮ፣ የእኔ አንዱ ምን ያመጣል?» የሚል ይኖራል። ጥያቄው ተገቢ ነው። ነገር ግን የባለ ከብቱ ውሻ ሥራ አለው፤ በጉን ከጅብ ይጠብቃል። እሱንም ለመከተብ ስንት ሰው ስንት ገደል ይወጣል። የእኛው ውሻ ግን ለሽርሽር ነው የሚሄደው። ከመቶ ሰፈር ውሻ ጋር ሲሻተት ከከረመበት ከተማ ተነሥቶ፣ በአንድ ቀን መኪና ቀበሮ ደጃፍ ይደርሳል። ክትባቱም ሁሉንም በሽታ አይከላከልም። ለጥቂት ፎቶ ብለን ይሄን ዕዳ መሸከም ተገቢ አይመስለንም። ለጎረቤት አደራ ሰጥቶ መሄድ ይቻላል፤ ውሻው አይቀየምም። እንጦጦና መናገሻ ደግሞ የትም አይሄዱም፤ እሑድ በማሰሪያ ይዛችሁት ትወጣላችሁ።

እንግዲህ ቦርሳው ሲከብድ፣ ሁሌም ይከብዳልና፣ የሚቀነስ ነገር መፈለጋችሁ አይቀርም። ጫማውን አውጡ፤ የዝናብ ልብሱን አውጡ፤ አልጋውንም አውጡ። ሳሙናው፣ ወረቀቱና ማሰሪያው ግን የእረኛው ድርሻ ናቸውና አይነኩም።

ቸር እንሰንብት!