ማጥባትና ማለብ

«ማለቢያ ማሽን አለ አይደል? ግዢና ተገላገዪ።»

ይህን ያሉኝ የመሥሪያ ቤታችን የሰው ኃይል ኃላፊ ናቸው። ከተገላገልሁ ገና ሦስተኛ ሳምንቴ ነበር። የወሊድ ፈቃዴ ሲያበቃ ከምሳ ሰዓት ላይ አንድ ሰዓት ተጨምሮልኝ ልጄን አጥብቼ እመለስ ዘንድ በስልክ ብጠይቅ መልሱ ይኸው ሆነ። ሴትዮዋ ክፉ አይደሉም። እርሳቸውም ሁለት ወልደዋል። ይበልጥ ያስቆጣኝም ይኸው ነው።

ከቃሉ ልጀምር። በአማርኛችን ላም ትታለባለች፤ ሴት ግን ታጠባለች። በማጥባት ውስጥ ሁለት ሰዎች አሉ፤ በማለብ ውስጥ ታላቢና ዕቃ። ቃሉን ለሴት ያዋለው ሰው ሌላ ቢያጣ ነውና አልወቅሰውም። ሳያስበው ግን እውነቱን ተናግሮታል።

አራስ ልጅ በ24 ሰዓት ውስጥ ከ8 እስከ 12 ጊዜ ይጠባል። የእኔው ከዚያም የሚያልፍባቸው ሌሊቶች አሉት። የሚጠራኝ በልቅሶ አይደለም፤ ልቅሶ የመጨረሻው ምልክት ነው። አስቀድሞ ራሱን ወዲያና ወዲህ ያዞራል፤ ምላሱን ያወጣል፤ ጡጫውን ወደ አፉ ይወስዳል። ጡትም ጎተራ አይደለም፤ በተጠባ መጠን ያመነጫል፤ ሞልቶ ሲቆይ ሥራውን ያቀዘቅዛል። «በሰዓት አስለምጂው» የሚሉኝ ዘመዶች ይህን ቢያውቁ ደስ ባለኝ። ነገ ወተትሽ አነሰ ብለው የጣሳ ወተት ሊያስገዙኝ የሚመጡት እነርሱው ናቸውና።

እናቴ እኔን ስታጠባ ሰዓት አልነበራትም። ለክርስትናዬ 80 ቀን እስኪሞላ አጥሚቷን እየጠጣች ከጎኗ አኑራኛለች። (የጥንቱ ሁሉ መልካም ነበር ማለቴ አይደለም፤ እንገሩን አፍስሰው ጨቅላውን ቅቤ ያልሱ የነበሩትም የእኛው አያቶች ናቸው።)

ወደ ሕጉ ልምጣ። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 ከወሊድ በኋላ 90 የሥራ ቀናት ፈቃድ ይሰጣል። ቀድሞ 60 ተከታታይ ቀናት ነበርና መሻሻሉን አልክድም። ነገር ግን በሳምንት ስድስት ቀን ለምንሠራ ሰዎች 90 የሥራ ቀን ሦስት ወር ተኩል ገደማ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት የሚመክረው ደግሞ እስከ 6 ወር የእናት ጡት ብቻ ነው። የቀረውን ሁለት ወር ተኩል ማን ይሙላው? በ2010 ዓ.ም. የወጣው የመንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ቁጥር 1064 መሥሪያ ቤቶች የሕፃናት ማቆያ እንዲያቋቁሙ አዝዞ ነበር። የግል ድርጅት ሠራተኛ ለሆንሁት ለእኔ ማሽኑ ተመከረልኝ።

ማሽኑን አልጠላውም። ያለ ቀኑ ተወልዶ መጥባት ላቃተው ሕፃን ሕይወት ነው፤ ጡቷ ሞልቶ ለወጠራት እናትም እፎይታ ነው። ወድዳና መርጣ የምትታለብን ሴት የሚነቅፍ አንደበት አይኑረኝ። ጥያቄዬ ሌላ ነው፤ የት ልታለብ? ከእኔ በፊት ወልዳ የተመለሰች ባልደረባዬ የምትታለበው መጸዳጃ ቤት ገብታ፣ በሩ በተንኳኳ ቁጥር እየደነገጠች ነበር። የታለበ ወተት ከማቀዝቀዣ ውጭ ከ4 ሰዓት በላይ እንዲቆይ አይመከርም፤ መሥሪያ ቤታችን ማቀዝቀዣ የለውም። ጠዋት የታለበው ወተት ከሥራ መውጫና ከታክሲ ሰልፍ በኋላ ምን ሆኖ ቤት እንደሚደርስ አንባቢ ያስላው። ባልደረባዬ በሦስተኛው ሳምንት ተወችው። «ወተቷ ደረቀ» ተባለ። አደረቁት የሚል አልተገኘም።

እኔም በበኩሌ በእጅ የሚሠራውን ማለቢያ ገዝቻለሁ፤ ከእነካርቶኑ ቁም ሳጥኑ ላይ ተቀምጧል። ደመወዜ እንጀራዬ ነውና እጠቀምበት ይሆናል። ጥያቄዬን ግን በደብዳቤ አድርጌ ዳግም ልኬዋለሁ፦ በቀን አንድ ሰዓት፣ ቁልፍ ያለው አንድ ክፍል፣ አንድ ማቀዝቀዣ። «ይታያል» የሚል መልስ መጥቷል። እስኪታይ ድረስ ልጄ ያድጋል፤ ይህን እነርሱም ያውቁታል።

ሊመሽ ነው፤ ልጁ ነቅቷል። ጡጫውን ወደ አፉ ወስዷል፤ እስኪያለቅስ አልጠብቀውም።